በአንገት ላይ ይንጠለጠል የነበረው ወረቀት

«ኪፓንዴ» በስዋሂሊ ቁራጭ ማለት ነው። የሥጋም ሆነ የጨርቅ ቁራጭ በዚህ ቃል ይጠራል። የናይሮቢ ሰው ዛሬም መታወቂያ ካርዱን «ኪፓንዴ» ሲል እንሰማዋለን። ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ታሪክ ግን፣ በዚህች ከተማ ሠርተን የምናድር ኢትዮጵያውያን እምብዛም አናውቀውም።

የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት የአፍሪካውያንን የምዝገባ ሕግ ያወጣው በ1915 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሥራ ላይ ሲውል፣ ለሥራ የደረሰ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ የጣት አሻራው፣ የጎሣው ስም፣ የአሠሪዎቹ ማንነትና የደመወዙ ልክ የሰፈረበትን ወረቀት ይዞ እንዲንቀሳቀስ ተገደደ። ወረቀቱ በትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባና በክር ታስሮ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሠራተኛው ሲለቅ አሠሪው ካልፈረመበት ሌላ ሥራ መያዝ አይችልም፤ ሳያስፈርም ቢሄድ እንደ ኮብላይ ተቆጥሮ በወንጀል ይከሰሳል። በሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ የሥራ ውል የፖሊስ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። የቀድሞው ደመወዝ በወረቀቱ ላይ ስለሚነበብም፣ አዲሱ ጌታ ከዚያ አስበልጦ ላለመክፈል ይመቸው ነበር።

በ1921 ነጮቹ አሠሪዎች የአፍሪካውያንን ደመወዝ በሲሶ ለመቀነስ ተነሡ። ግብሩ ደግሞ ጨምሮ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው በመንግሥት ግምጃ ቤት የስልክ ኦፕሬተር የነበረው ወጣቱ ሃሪ ቱኩ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበርን አቋቁሞ በኪፓንዴ፣ በግብርና በደመወዝ ቅነሳ ላይ ሕዝቡን ያነሣሣው። መጋቢት 1922 ሲታሰር ሕዝቡ ፖሊስ ጣቢያውን ከበበ። ሜሪ ሙቶኒ ኛንጅሩ የተባለች ሴት ወንዶቹን «ሱሪያችሁን ለኛ ስጡን፣ እናንተ ቀሚሳችንን ልበሱ» በሚል ስድብ አፍራ ወደ ፊት ገፋቻቸው። ተኩስ ተከፈተ፤ እሷም ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች አንዷ ሆነች። መንግሥት ያመነው 21 ሟቾችን ነው፤ ሌሎች ግን ቁጥሩን እጅግ ከፍ ያደርጉታል። በአቅራቢያው በሚገኘው በኖርፎልክ ሆቴል በረንዳ ላይ የነበሩ ነጮችም በሕዝቡ ላይ ተኩሰዋል ይባላል። ሆቴሉ የቆመበት መንገድ ዛሬ የሃሪ ቱኩን ስም ይዟል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ሰው አለ፤ ማካን ሲንግ። በ1913 ፑንጃብ ተወልዶ በ14 ዓመቱ ናይሮቢ የገባ፣ በአባቱ ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ነው። ከ1935 ጀምሮ የመራው የሠራተኛ ማኅበር በሩን ለሁሉም ዘር ክፍት አደረገ። ቅኝ ገዥው ነጩን፣ እስያዊውንና አፍሪካዊውን በሰፈር፣ በትምህርት ቤትና በደመወዝ በለያየባት ከተማ ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ማኅበሩ በ1937 ለ62 ቀናት ሥራ አቁሞ የደመወዝ ጭማሪና የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን አስገኘ። ሲንግ ወደ ህንድ በተመለሰ ጊዜ እንግሊዞች አሰሩት፤ በ1947 ግን ተመልሶ ናይሮቢ መጣ። የኪፓንዴ ሕግ የተሻረውም በዚያው ዓመት ነው።

በ1949 ሲንግና የታክሲ ነጂዎቹ መሪ ፍሬድ ኩባይ የምሥራቅ አፍሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስን መሠረቱ። መንግሥት ሊመዘግበው እምቢ አለ። በመጋቢት 1950 ናይሮቢ በንጉሣዊ ቻርተር «ከተማ» ስትባል ኮንግረሱ በዓሉን እንዳያከብሩ ለአባላቱ ጥሪ አደረገ። በሚያዝያ ወር ካሎሌኒ አዳራሽ ውስጥ ሲንግ ለምሥራቅ አፍሪካ ሙሉ ነጻነት አሁኑኑ እንዲሰጥ በአደባባይ ጠየቀ። ግንቦት 15 ቀን ሁለቱም ታሰሩ፤ በማግሥቱ ከተማዋ ሥራ አቆመች። አድማው አሥር ቀን ያህል ቆየ። ጥያቄው የመሪዎቹ መፈታት፣ በወር 100 ሽልንግ ዝቅተኛ ደመወዝና የምሥራቅ አፍሪካ ነጻነት ነበር። መልሱ አስለቃሽ ጋዝና ብረት ለበስ መኪና ሆነ። ሲንግ በሰሜን ኬንያ በረሃ በግዞት 11 ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ በጥቅምት 1961 ተፈታ። ነጻይቱ ኬንያ ግን ሥልጣን አልሰጠችውም። የማኅበራቱን ታሪክ ጽፎ በ1969 አሳተመ፤ በ1973 አረፈ። እኔ በበኩሌ ይህን ሰው የመርሳቱ ነገር ያሳዝነኛል።

በአገራችን የሠራተኛ ማኅበራት በአንድ ኮንፌዴሬሽን ሥር የተሰባሰቡት ኬንያ ነጻ በወጣችበት በዚያው በ1963 ነው። እኛም ለጉዳዩ ባዕድ አይደለንም።

የዛሬው የኬንያ የሥራ ሕግ በ2007 የወጣ ነው። ሙያዬ ትርጉም ስለሆነ ይሆናል፣ ቀልቤን የሚስቡት ቋንቋን የሚመለከቱት አንቀጾች ናቸው። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሠራተኛው የውሉን ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ አሠሪው በሚገባው ቋንቋ እንዲብራራለት የማድረግ ግዴታ አለበት (አንቀጽ 9)። በጥፋት ወይም በሥራ ድክመት ምክንያት ከመሰናበቱ በፊትም ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ የሥራ ባልደረባውም አብሮት ሊቀመጥ ይገባል (አንቀጽ 41)። ከአራት ሳምንት በላይ የሠራ ሰው ሲለቅ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል (አንቀጽ 51)። በዚህ ወረቀት የሚጻፈው የአሠሪውና የሠራተኛው ስም፣ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የጀመረበትና ያበቃበት ቀን ነው፤ ስለ ጠባይ እንዲጻፍ ሕጉ አያስገድድም። የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ደግሞ ፍትሐዊ የሥራ አያያዝ «የማንኛውም ሰው» መብት ነው ይላል፤ «የማንኛውም ዜጋ» አላለም። ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ግን ወንጀል መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በወጥ ቤት ስትሠራ የቆየች አንዲት እህታችን የስንብት ደብዳቤ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ መጨረሻው ላይ «የሚገባኝን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ፤ ከሥሩ ፊርማዋ።

«ማን አነበበልሽ?» አልኳት።

«‹እዚህ ጋ ፈርሚ› አሉኝ፤ ፈረምኩ» አለች።

አንቀጾቹን በአማርኛ ጽፌ ሰጠኋት፤ ክስ ለማቅረብ የሦስት ዓመት ጊዜ እንዳላትም ነገርኳት። ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደች። የአገልግሎት ምስክር ወረቀቱ ደርሷታል፤ በአማርኛ የተረጎምኩላትም እኔ ነኝ፤ አምስት መስመር ነው። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያዋ ጉዳይ ግን ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ዕለት ድረስ እልባት አላገኘም።