ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር

ባለፈው የካቲት ከባቻችን አምስት ሆነን ተጠራርተን ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግራችን ወጣን። መኪናችንን አራት ኪሎ የተውነው አውቀን ነው። የፕሪሜዲካል ተማሪ ሳለን የታክሲውን ሳንቲም ለሻይ ለማትረፍ ይህን ዳገት ስንቴ እንደተመላለስንበት አይቆጠርም። ያኔ ግን ዓይናችን መንገዱ ላይ ሳይሆን የኬሚስትሪ ደብተራችን ላይ ነበር።

የተነሳነው ከድል ሐውልቱ ነው። ሚያዝያ 27 ሁለት ጊዜ የመጣ ቀን ነው፦ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡ። በመካከል ያለው አምስት ዓመት ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ሽቅብ መውጣት ያስፈልጋል። ብሔራዊ ሙዚየምንና አምስት ኪሎን አልፈን ስድስት ኪሎ ደረስን። መንገድ ላይ ሁለቴ አረፍን፤ አንዷ ጓደኛችን ጉልበቷን ታማለች፣ ሐኪም ደግሞ ራሱን ማከም አይወድም።

የካቲት 12 አደባባይ ለኛ ቀጠሮ መስጫ ነበር። «ሐውልቱ ጋ ጠብቂኝ» እንባባላለን። አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉት ዩጎዝላቮች የቀረጹትን የሬሳና የሐዘን ምስል ዙሪያውን ዞሬ፣ ቆም ብዬ ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው ብል ታምኑኛላችሁ? ከአደባባዩ ጥግ ያለውን፣ መጀመሪያ ቤተ ሳይዳ ይባል የነበረውን ሆስፒታልም ስሙ የቀኑ ስም መሆኑን ልብ ሳልል ነው ስጠራው የኖርኩት።

ከዚያ ወደ ዋናው ግቢ ገባን። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለበት ሕንፃ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኔፕልሱን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ ለከተማው ድሆች ምጽዋት ሊሰጥ እዚሁ ሕንፃ ፊት ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ለእያንዳንዱ ድሃ ሁለት ማርያ ትሬዛ ብር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ወታደሮቹም ግቢ ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኮሱ፦ በሽተኛ፣ ዓይነ ስውር፣ ሽማግሌ ሳይሉ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ከተማው ለጥቁር ሸሚዞቹ ተለቀቀ። ጎጆው ከነሰዉ ነደደ። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ሲል፣ ታሪኩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ 19 ሺህ ገደማ ያደርሰዋል።

እኔን እንደ ሐኪም የሚያመኝ የተማረው ወጣት ተለይቶ መታደኑ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አስቡ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ልጅ ሆነው እንግሊዞች ወሰዷቸው፤ ህንድ አድገው ላሆር ሕክምና ተምረው አገራቸው ተመለሱ። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እሳቸው ናቸው። ወረራው ሲመጣ ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። እንግሊዝ አገር የተማሩት መሐንዲስ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን እዚሁ ነበሩ፤ ከየካቲት 12 በኋላ ተገደሉ። ሁለቱም የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ነበሩ። የማኅበሩ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነም የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። «ጥቁር አንበሳ» የሚለውን ስም ለስንት ዓመት ጋዋናችን ላይ ይዘን ዞርን፤ የማን ስም ነው ብሎ የጠየቀን አስተማሪም፣ የጠየቅነው አስተማሪም አላስታውስም።

ደረጃው አጠገብ ቆመን ሳለ ኢንተርን እያለሁ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። በሳንባ ምች ተኝተው ነበር። ከራውንድ በፊት ሳዳምጣቸው ግራ ትከሻቸው ላይ ሰፊ ጠባሳ አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«የጣልያን እሳት ነው ልጄ። ሣር ክዳኑ ወረደብን። እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ አወጣችኝ፤ እሷ ግን...»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም፤ ስቴቶስኮፑ ጆሮዬ ላይ ነበር፣ ራውንዱም እየደረሰ ነበር። «እሺ እማማ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ» አልኳቸው። ማታ ተመልሼ እጠይቃለሁ ብዬ ነበር፤ ማታ ተረኛ ሆኜ ድንገተኛ ክፍል ዋልኩ፣ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ድነው ወጡ። ቻርታቸው ላይ በእጄ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦ «የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ፣ ግራ ትከሻ።»

ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ «እኔም አንድ ሽማግሌ ነበሩኝ» አለ። ከዚያ ሌላዋ ቀጠለች። ምሳ የያዝንበት ቤት የደረስነው በዘጠኝ ሰዓት ነው።