የሚጠይቅ ስልክና የሚያዝዝ ስልክ፦ ከመድኃኒት አወሳሰድ ታሪክ

አንዲት የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው እናት ራሳቸውን ስተው ወደ ድንገተኛ ክፍል መጡ። በደማቸው ያለው የስኳር መጠን እጅግ ወርዶ ነበር። ልጃቸው የያዘውን ፌስታል ስንዘረግፈው ግሊቤንክላማይድ በሁለት የንግድ ስሞች፣ ከሁለት ጤና ተቋማት ታዝዞ አገኘን። ልጁ የስልኩን ደወል ሞልቶ፣ አንድም ቀን ሳያስተጓጉል ሁለቱንም ይሰጣቸው ነበር። ስልኩ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ስሕተቱ የእኛ የሐኪሞች ነበር።

ይህ ገጠመኝ የጉዳዩን ታሪክ መለስ ብዬ እንድመለከት አነሣሣኝ። የመጀመሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት በእንግሊዝ አገር የተላከው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ በኬፕ ታውን ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መድኃኒታቸውን የሚያስታውስ መልእክት ይላክ ጀመር። በ2003 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት፣ ባደጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን በታዘዘው መሠረት የሚወስዱት በአማካይ 50 በመቶ ያህል መሆናቸውን አመለከተ።

ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከኬንያ ነው። በ2010 በታተመው ጥናት 538 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጀማሪዎች ተካፍለዋል። ነርሷ በሳምንት አንድ ጊዜ «ማምቦ?» ማለትም «እንዴት ነህ?» ብላ ትጽፋለች፤ ታማሚው ደኅና መሆኑን ወይም ችግር እንዳለበት በ48 ሰዓት ውስጥ ይመልሳል፤ ችግር ያለበትና መልስ ያልሰጠው ይደወልለታል። መልእክት ከተላከላቸው 62 በመቶ፣ ካልተላከላቸው 50 በመቶ መድኃኒታቸውን በአግባቡ መውሰዳቸውን ተናገሩ። በዚያው አገር በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሳምንታዊው መልእክት ሲጠቅም በየቀኑ የሚላከው ለውጥ እንዳላመጣ አሳየ። በ2012 ከያውንዴ የወጣው ጥናትም ሳምንታዊ ማስታወሻ መላክ ብቻውን ጉልህ ውጤት አላስገኘም።

ዘመናዊ ስልክ ከተስፋፋ በኋላ የመድኃኒት ማስታወሻ መተግበሪያዎች በረከቱ። በ2018 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የደም ግፊታቸው ያልተስተካከለ 411 ሰዎችን አካትቶ ነበር። መተግበሪያውን የተጠቀሙት አወሳሰዳቸው ጥቂት መሻሻሉን ቢገልጹም በደም ግፊታቸው ላይ ከሌሎቹ የተለየ ለውጥ አልታየም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። ደወል የሚያክመው መርሳትን ብቻ ነው። መድኃኒት መደራረቡን፣ እርስ በርስ መጋጨቱን፣ የጎንዮሽ ጉዳቱንና የዋጋውን ውድነት አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባስጀመረው የመድኃኒት ደኅንነት ዘመቻ፣ ብዙ መድኃኒት በአንድነት መውሰድን ከሦስቱ ቀዳሚ ትኩረቶች አንዱ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ስልክ እንዲሞላ ከመምከራችን በፊት ፌስታሉን እናስዘርግፍ። እያንዳንዱን መድኃኒት በንግድ ስሙ ሳይሆን በመጠሪያ ስሙ እንመዝግብ፤ የማያስፈልገውን እናቁም፤ የቀረውን በአንድ ዝርዝር ጽፈን ለታማሚውና ለአስታማሚው እንስጥ። ደወሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ደወሉ ሲጮህ የሚታዘዙት እኚያ እናት የሚያምኑት ስልኩን ሳይሆን እኛን ነውና።