የቤተ ሰብ ፊልም በዲቪዲ፤ የፋይል ምርጫ አጭር ታሪክ

የቤተ ሰቡን ሠርግና ክርስትና በካሜራ አንሥቶ በዲቪዲ ለመቅዳት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «በየትኛው ዐይነት ፋይል ላድርገው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የመሣሪያ ብቻ መስሎ ይታያል። እኛ ግን የታሪክም ጥያቄ ነው እንላለን፤ መልሱ ተጠቃሚው ከመጠየቁ በፊት በፋብሪካዎች ስምምነት ተወስኖ ነበርና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከውድድር ነው። በ1975 ሶኒ ቤታማክስን፥ በ1976 ጄቪሲ ቪኤችኤስን አወጡ። የአንዱ ካሴት በሌላው ማጫወቻ ስለማይሠራ፥ ቤታማክስ ሲሸነፍ የገዙትም ሰዎች አብረው ተሸነፉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይኸው ሊደገም ተቃርቦ ነበር። ሶኒና ፊሊፕስ አንድ ዐይነት ዲስክ፥ ቶሺባና ተባባሪዎቹ ደግሞ ሌላ ዐይነት አሰናዱ። ነገር ግን የኮምፒዩተር ኩባንያዎች፥ በተለይም አይቢኤም፥ ሁለት ዐይነት አንቀበልም ብለው ስለ ተጫኑ፥ ሁለቱ ወገኖች በ1995 በአንድ ዲስክ ተስማሙ። ዲቪዲም በ1996 በጃፓን፥ በ1997 በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ።

ስምምነቱ የዲስኩን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን በላዩ የሚጻፈውንም ቋንቋ ወሰነ። ሥዕሉ በ1994 ተሠርቶ በተጠናቀቀው በኤምፔግ 2 ሥርዐት እንዲታመቅ፥ ፍጥነቱም በሴኮንድ ከ9.8 ሚሊዮን ቢት እንዳይበልጥ ተደነገገ። ስለዚህ በኤቪአይ ወይም በኤምፒ4 የተቀመጠ ፊልም እንዳለ ወደ ዲስክ ቢገለበጥ ኮምፒዩተር ያነበዋል፤ ብዙው የሳሎን ማጫወቻ ግን አያውቀውም። ለማጫወቻ የሚሆን ዲቪዲ የሚፈልግ ሰው ፋይሉን ወደ ኤምፔግ 2 ከመለወጥ በቀር ምርጫ የለውም።

ለተጠቃሚው የቀረው ምርጫ የርዝመትና የጥራት ነው። ባለ አንድ ንጣፍ ዲስክ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል። ይህም በከፍተኛው ጥራት 1 ሰዓት ያህል ፊልም ነው፤ 2 ሰዓት ይያዝ ከተባለ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል መቀነስ አለበት። ጭፈራና ሩጫ የበዛበት ሥዕል ሲሆን ጉድለቱ ወዲያው ይታያል።

ሌላው የቴሌቪዥን ሥርዐት ልዩነት ነው። አሜሪካ የተከተለችው ኤንቲኤስሲ በሴኮንድ 30 ያህል ሥዕል ሲያሳይ፥ ኢትዮጵያና አብዛኛው አውሮፓ የተከተሉት ፓል 25 ያሳያል። ዲቪዲም ይህን ክፍፍል ወረሰ፤ ለመጀመሪያው 720 በ480፥ ለሁለተኛው 720 በ576 ነጥብ ተመደበ። የፓል ማጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤስሲን ሲያነብ፥ በአሜሪካ የሚሸጠው ግን ፓልን የማያነብበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለሆነም ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚላክ የሠርግ ዲስክ ተቀባዩን አገር አስቦ ካልተዘጋጀ፥ ዘመድ ተሰብስቦ ባዶ መስኮት ሊያይ ይችላል።

«የዲቪዲ ዘመን አልፏል፤ ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው እንላለን። የዲቪ ካሴት ፊልም ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ በሰዓት 13 ቢሊዮን ባይት ያህል ይፈጃል። ወደ ዲቪዲ ሲታመቅ ከዚህ የሚቀረው ከሢሶው ብዙ የማይበልጥ ነው፤ የተጣለውም ተመልሶ አይገኝም። በዚያ ላይ በቤት የሚቀዳው ዲስክ የሚጻፍበት ቀለም በሙቀትና በብርሃን ይበላሻል። እንግዲህ ካሴቱን ወይም የመጀመሪያውን ፋይል ጥሎ ዲስኩን ብቻ ያስቀረ ቤተ ሰብ፥ ዋናውን መዝገብ ጥሎ ግልባጩን እንደ ጠበቀ ይቈጠራል።

ከዚህ የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው፤ ለማጫወቻው ኤምፔግ 2 ይሰጠው፤ ለልጅ ልጅ ግን የመጀመሪያው ፋይል ሳይነካ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። ማጫወቻው በሌላ መሣሪያ ይተካል፤ የሞቱትን አያቶች ድምፅ ግን ዳግመኛ የሚቀዳ የለም።