የረቡዕ ምሽት በወረታ፦ ተከታታይ ድራማ በልጅ አእምሮ የሚቀረው እንዴት ነው?

በልጅነት የታየ የቴሌቪዥን ድራማ ከብዙ ዓመት በኋላም ከሰው አእምሮ የማይጠፋው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የድርሰቱን ጥራትና የተዋናዩን ችሎታ ይጠቅሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግን አይበቁም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ ያለችው ወረታ ሌላ ምክንያት ታሳያለች። የ1990ዎቹና የ2000ዎቹ የወረታ ልጆች ብዙዎቹ ድራማ ያዩት ሰው ቤት ሄደው ነው፤ ያዩትም ተቆራርጦ ነው። ያመለጣቸውን የሞላላቸው ሌላ ልጅ ነበር። ድራማው ሥር የሰደደው ይበልጡን በዚህ ትረካ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከልጆች ጋር ያስተዋወቀው ተረት ነጋሪ ነበር። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ ከ40 ዓመት በላይ በዚያው መስኮት ለልጆች ተረት አውርተዋል። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነላቸው ሕዝብ ከአንድ ትውልድ የበለጠ ነበር። ከዚያ በኋላ የእሁዱ የመዝናኛ ዝግጅት «120» መጣ። በአዳነች ወልደገብርኤል የተደረሰው ተከታታይ ድራማ «ገመና» ቤተሰብን ሁሉ ባንድ ሰዓት ከቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠ፤ መስፍን ጌታቸውና ሰለሞን ዓለሙን ጨምሮ በርካታ ባለሙያዎች የሠሩት፣ በ2006 ዓ.ም. የተጠናቀቀው «ሰው ለሰው» ደግሞ ረቡዕ ምሽትን የራሱ አደረገ።

የረቡዕ ምሽቱ ድራማ በወረታ እንዴት ይታይ እንደነበር ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ቴሌቪዥኑ በሻይ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ይሰቀላል፤ ወይም ደግሞ ጎረቤት ቤት ጥልፍ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ትልልቆቹ አግዳሚ ላይ፣ ልጆች መሬት ላይ ናቸው። አንቴናውን ነፋስ ካዞረው አንድ ልጅ ጣሪያ ላይ ይወጣና «ጠራ?» ይላል፤ ከቤት ውስጥ «አልጠራም! ትንሽ መልሰው!» ይባላል። በዚህ መሐል አንድ ትዕይንት ያልፋል። ቀጥሎ መብራት ይጠፋል፤ ወይም ማስታወቂያ ሲገባ እናት «ና ግባ፣ መሽቷል» ብላ ትጣራለች። ማግስቱን ሐሙስ የትምህርት ቤቱ ረፍት የትረካ ሰዓት ነው። ሙሉውን ያየ ልጅ ይከበባል። የ«ሰው ለሰው»ን ተንኮለኛ ገጸ ባሕሪ የአስናቀን አነጋገር ይቀዳል፣ ፊቱን ያጠቁራል፣ ዝም የተባለበትን ቦታ በራሱ ቃል ይሞላል። ሰሚዎቹም ዝም አይሉም፤ «ቆይ፣ ያኔ እኮ እንዲህ ብሎ ነበር» ብለው ያርሙታል።

ይህ ሁሉ ለምን አእምሮ ውስጥ እንደሚቀር ለመረዳት ጥናት ይረዳል። በ1927 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሉማ ዛይጋርኒክ በርሊን ውስጥ ባደረገችው ጥናት ያልተጠናቀቀ ተግባር ከተጠናቀቀው ይልቅ እንደሚታወስ ጽፋለች። ግኝቷ በኋለኞቹ ሙከራዎች ሁሉ እንዳልተደገመ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ቢሆንም ለተከታታይ ድራማ የሚሰጠው ፍንጭ ቀላል አይደለም። የወረታው ልጅ ሁለት ያልተቋጩ ነገሮችን ተሸክሞ ይቆይ ነበር፦ ደራሲው ልብ ሰቅሎ የተወውንና መብራት የቆረጠበትን። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል ደግሞ በ1956 እ.ኤ.አ. ተመልካች በመስኮት ከሚያየው ሰው ጋር የሚፈጥረውን የአንድ ወገን ቅርበት ተንትነዋል። አበበ ባልቻ በተጫወተው አስናቀ አሽኔ ላይ ግን ነገሩ ከአንድ ወገን ቅርበት ያለፈ ይመስለኛል። ልጆቹ አስናቀን እርስ በርስ ተጫውተውታል፤ ስሙ ተንኮለኛ ሰው መጥሪያ እስኪሆን ድረስ በአንደበታቸው ሠርተውታል። የሚያስታውሱት የተዋናዩን ፊት ብቻ አይደለም፤ አስመስሎ የሚጫወተውን የክፍል ጓደኛቸውንም ጭምር ነው።

በወረታ ዙሪያ መብራት ባልገባባቸው የፎገራ ወረዳ ቀበሌዎች ይህንኑ ሥራ የሠራው ሬዲዮ ነው። ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀመረውን ዘዴ የተከተለ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ለማስተማር የታቀደ ድራማ ነበር። ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ከአድማጭ ደርሶታል። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ከብት ጥበቃም፣ ሩዝ አረምም ላይ አብሮ ይውላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ዋና ገጸ ባሕሪዋ ፍቅርተ ከባድ ፈተናን በብርታት የተሻገረች ወጣት መሆኗ ነው፤ በዚያ ዘመን የገጠር ልጃገረድ እንዲህ ያለች ጀግና በድራማ የምታገኝበት አጋጣሚ ጥቂት ነበር።

እዚህ ላይ ቅሬታዬን ሳልናገር አላልፍም። የቴሌቪዥን ድራማዎቻችን መቼት ከሞላ ጎደል አዲስ አበባ ነው፦ ቪላ፣ ቢሮ፣ ካፌ፣ የቤት መኪና። የወረታ ልጅ የማያውቀውን ሳሎን በቃሉ እየተወጣ አድጓል። የራሱ አገር ግን ለድርሰት የሚሆን ነገር አላጣም። በ1970ዎቹ በፎገራ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ ወደ ሀብት ቀይሮታል፤ ያው ውኃ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲወጡ ሰዉን ከቤቱ አፈናቅሎታል። መሬት፣ ውርስ፣ ጎርፍ፣ ድንገት የመጣ ገንዘብ፤ ድራማ የሚፈልገው ግጭት ሁሉ እዚያው ነበር። ሆኖም እነዚህን ልጆች ያሳደጋቸው ድራማ የእነሱን ሜዳ አላሳያቸውም፤ ይህ እንደ ቀላል ጉድለት ሊታለፍ አይገባም።

በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲከፈት የቱርክ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ ደረሰ። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃውሟቸውን ያሰሙት በሥራቸውና በባህል ላይ በሚያመጣው ጫና ነበር። ስለ ትዝታ ስናስብ ግን ሌላ ለውጥም አለ፦ ሳምንት መጠበቅ ቀረ፣ ያመለጠ ክፍል በድጋሚ ይታያል፣ በኋላም ስልክ ላይ ይገኛል። የሐሙሱ ተራኪ የሚሞላው ክፍተት ጠበበ።

የ«ሰው ለሰው» ካሴቶች የትም ቢቀመጡ ይዘታቸው ያው ነው። በወረታ ከተማና በፎገራ ገጠር ቀበሌዎች፣ በናበጋና በዋገጠራ፣ የተተረከው «ሰው ለሰው» ግን በዛሬዎቹ ወጣቶች ትዝታ ብቻ የሚገኝ ነው። ያንኑ አንድ ክፍል ከከተማውና ከገጠሩ ልጆች አስተርኮ ማነጻጸር፣ በቴፑ ያልነበረ ምን እንደጨመሩ መመዝገብ፣ ትዝታቸው ገና ሳይደበዝዝ ሊጀመር የሚገባው ጥናት ነው።