ቆራጥ ምን ቆረጠ?

የዘንድሮን የማኅበራችንን ሪፖርት ስናዘጋጅ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ቃላት ተገናኙ። ቁጠባቸውን አጥብቀው የዘለቁትን «ቁርጠኛ አባላት» ብለናል፤ ኑሮ ከብዷቸው የወጡትን ደግሞ «ተስፋ የቆረጡ»። ረቂቁን ሮቤ ላይ ስናነብ አንዲት እናታችን «ሁለቱም ቆርጠዋል፤ ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?» አሉ። ሳቅን፤ መልስ ግን አልነበረንም።

ቆራጥ የመጣው «ቆረጠ» ከሚለው ግሥ ነው። ማመንታትን የቆረጠ፣ የኋላውን የተወ ሰው ማለት ነው። ይህ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በኦሮምኛም «ኩቱ» መቁረጥ ነው፤ «ኩተኖ» ቁርጠኝነት፣ «አብዲ ኩቱ» ተስፋ መቁረጥ። የእንግሊዝኛው «ዲሳይድ» እንኳ ሥሩ መቁረጥ የሚል የላቲን ግሥ ነው።

እንግሊዞች ለጽኑ ሰው የሚሰጡት ሌላ ጥምር ቅጽል ግን ከሞት የመጣ ነው፦ «ዳይ-ሃርድ»፣ በቀላሉ የማይሞት። በ1811 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ አልቡዌራ በተባለ ስፍራ ከናፖሊዮን ጦር ጋር ሲዋጉ፣ የ57ኛው እግረኛ ሬጅመንት አዛዥ ቆስለው ወድቀው ወታደሮቻቸውን በዚህ ቃል አበረቱ ይባላል። ከሬጅመንቱ ከግማሽ በላይ ሞተ ወይም ቆሰለ፤ ቃሉም የሬጅመንቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

የእኛም ቃል ወታደር ቤት ገብቶ ያውቃል። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት በደርግ ዘመን፣ ሬዲዮ «ቆራጡ መሪ» ሲል ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። በአኢሴማ ተደራጅተው የነበሩ እናቶቻችን ቃሉን በየስብሰባው ሰምተውታል፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ሲሰሙት ፊታቸው ይለወጣል። መሪው በ1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ዛሬ «ቁርጠኝነት» ሆኖ የማይገባበት ሪፖርት የለም። እኛም ሳናስበው ከዚያው ቀዳነው።

ለሂሳብ ሠራተኛ መቁረጥ የዕለት ሥራ ነው። ከደመወዝ ተቆራጭ እንይዛለን፤ ደረሰኝ እንቆርጣለን። ደረሰኝ ሲቆረጥ ግን ቀሪው ጥራዙ ላይ ይቆያል። የወጡት እህቶቻችን ስምም መዝገባችን ላይ እንዲሁ አለ። ስለዚህ «ተስፋ የቆረጡ» የሚለውን ሰርዘን «ቁጠባ ያቋረጡ» አልን። «አቋረጠ»ም የዚያው ግሥ ልጅ መሆኑን ያስተዋልነው ሪፖርቱ ከታተመ በኋላ ነው! ይሁን። ያቋረጡት ሲመለሱ የመመዝገቢያ ክፍያ እንደገና እንዳይጠየቁ ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ አቅርበናል።