ደም እንዳይረጋ የሚያግዱ አካላት የላቦራቶሪ ምርመራ

በአጅማን የሚገኘው አል ጁርፍ በኢንዱስትሪ ቀጠናውና በቻይና ሞል ይታወቃል። በ1998 የተመሠረተው የገልፍ ሜዲካል ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። በአካባቢውና በአጎራባቹ ሻርጃ የሚኖሩ ሠራተኞች ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጁ ወይም ያለ ምክንያት ደም ሲፈሳቸው ከሚታዘዙላቸው ምርመራዎች አንዱ፣ ደሙ ቀላ ያለ ሰማያዊ ክዳን ባለው ትንሽ ቱቦ የሚወሰድበት የደም መርጋት ምርመራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ ጤናማ ሆኖ ጉዳዩ በዚያው ያበቃል። ውጤቱ ሲዘገይ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይነሣል፤ ደሙ የሚያረጋው ነገር ጎድሎታል ወይስ መርጋቱን የሚያግድ ነገር በውስጡ አለ? የሁለቱ ሕክምና ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ መልሱ በግምት ሊሰጥ አይችልም።

ደም የሚረጋው በፕላዝማ ውስጥ የሚገኙ ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ በተከታታይ ሲሠሩ ነው። ከእነዚህ መካከል ስምንተኛው ፋክተር ሲጎድል ሄሞፊሊያ ኤ፣ ዘጠነኛው ሲጎድል ደግሞ ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። ሕመሙ ከእናት በኩል በዘር የሚተላለፍ ሲሆን በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ያጠቃል። በሀገር ቤት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሕፃኑ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ሲገረዝ፣ አንዳንዴም እንጥል ሲቆረጥ ወይም የወተት ጥርስ ሲነቀል ደሙ አልቆም ሲል ነው። የኋለኞቹ ሁለት ልማዶች ለማንኛውም ሕፃን አደገኛ ናቸው፤ ሄሞፊሊያ ላለበት ሕፃን ግን ሕይወት ሊያሳጡ ይችላሉ።

የሄሞፊሊያ ዋነኛ ሕክምና የጎደለውን ፋክተር በደም ሥር መስጠት ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከልደቱ ጀምሮ ስምንተኛ ፋክተር የሌለው አካል የተሰጠውን ፋክተር እንደ ባዕድ ሊቆጥረውና ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርትበት ይችላል። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ኢንሂቢተር ወይም አጋጅ ይባላል። ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው ሰዎች ከ25 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ በሄሞፊሊያ ቢ ግን ከ5 በመቶ ብዙም አይበልጥም። በብዛት የሚከሰተውም ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 50 የመድኃኒት ቀናት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፋክተር ወዲያው ስለሚከሽፍ ጉልበቱ ያበጠው ልጅ መድኃኒቱን ወስዶም እብጠቱ አይጎድልም። ወላጆች በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ መድኃኒቱ ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ነው።

አጋጅ ደም በሚፈሳቸው የሄሞፊሊያ ሕሙማን ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ፈጽሞ ሄሞፊሊያ ኖሮባቸው በማያውቁ ሰዎች አካልም አልፎ አልፎ በራሱ ስምንተኛ ፋክተር ላይ ሊነሣ ይችላል። ይህ ሁኔታ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ ብቻ የሚደርስ ሲሆን፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችንና በቅርብ የወለዱ እናቶችን ይበልጥ ያጠቃል። በወለደች በሳምንታት ውስጥ ሰውነቷ ላይ ሰፋፊ ሰማያዊ ምልክቶች የወጡባት ሴት «ደም ማነስ ነው» ተብላ የብረት ክኒን ብቻ ይዛ እንዳትመለስ ማወቅ የሚገባው ይህን ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ኤፒቲቲ ከሚባለው ሙከራ ነው። ይህ ሙከራ ፕላዝማው በስንት ሰከንድ እንደሚረጋ ይለካል። ጊዜው ከተለመደው ከረዘመ የላቦራቶሪ ባለሙያው የታካሚውን ፕላዝማ ከጤናማ ሰዎች ፕላዝማ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅለዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የጎደለ ነገር ብቻ ከሆነ ጤናማው ፕላዝማ ጉድለቱን ስለሚሞላ ጊዜው ይስተካከላል። አጋጅ ካለ ግን ጤናማውን ፕላዝማም ያበላሸዋል። የስምንተኛው ፋክተር አጋጅ ቀስ ብሎ የሚሠራ በመሆኑ ድብልቁ እንደተሠራ የተስተካከለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በ37 ዲግሪ ሴልሲየስ ለ2 ሰዓት ቆይቶ እንደገና ይለካል። ይህን ሁለተኛ ልኬት የሚዘል ላቦራቶሪ አጋጅ ያለበትን ሰው «የለብህም» ብሎ ሊሸኘው ይችላል።

አጋጁ መኖሩ ሲታወቅ መጠኑ ይፈለጋል። መለኪያው ቤቴስዳ ዩኒት ይባላል፤ በ1975 የወጣ ሲሆን ስያሜውን ያገኘው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ከምትገኘው ቤቴስዳ ከተማ ነው። አንድ ዩኒት ማለት በ37 ዲግሪ በ2 ሰዓት ውስጥ በጤናማው ፕላዝማ ካለው ስምንተኛ ፋክተር ግማሹን የሚያጠፋ የአጋጅ መጠን ነው። ሩብ ብቻ ከቀረ 2 ዩኒት ይሆናል። አጋጁ ኃይለኛ ሲሆን ናሙናው ይቀጥናል፤ 20 ጊዜ የቀጠነ ናሙና ግማሹን ካጠፋ ውጤቱ 20 ዩኒት ነው። በ1995 በኔዘርላንድስ ኔይሜኸን ከተማ የተደረገ ማሻሻያ የድብልቁን አሲድነትና የፕሮቲን መጠን በማረጋጋት ዝቅተኛ መጠኖችን ይበልጥ አስተማማኝ አድርጓል። በዚህ ዘዴ 0.6 ዩኒትና ከዚያ በላይ አጋጅ እንዳለ ይቆጠራል። ታካሚው በቅርቡ ፋክተር ወስዶ ከሆነ ናሙናው በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ፋክተሩን ሲያጠፋ ፀረ እንግዳ አካሉ ግን ይቀራል።

ቁጥሩ ሕክምናውን ይወስናል። ከ5 ዩኒት በታች ሲሆን ከፍ ያለ የፋክተር መጠን አንዳንዴ ያሸንፈዋል። 5ና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ፋክተር መጨመር ትርፍ ስለማይኖረው አጋጁን የሚያልፉ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። ኤሚሲዙማብ የሚባለው ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት በ2017 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ የብዙ ቤተሰቦችን ኑሮ ለውጧል። ይሁን እንጂ ለላቦራቶሪው የራሱን ወጥመድ ይዞ መጥቷል። መድኃኒቱ የኤፒቲቲን ጊዜ እጅግ ስለሚያሳጥር የተለመደው የቤቴስዳ ምርመራ አጋጁን ሊስተው ይችላል፤ የከብት ፋክተር የሚጠቀም በቀለም የሚለካ ዘዴ ያስፈልጋል። ስለዚህ መርፌውን የሚወስድ ሰው ደም ከመስጠቱ በፊት ለባለሙያው መንገሩ ግድ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የቃላት ጣጣ አለ። በዓረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ሲዩላ» የሚለው ቃል ለሄሞፊሊያም፣ ደም ለሚያቀጥን መድኃኒትም ያገለግላል፤ የሄሞፊሊያ የሕክምና ስሙ ግን «ናዑር» ነው። በአማርኛም «የደም መርጋት ችግር» ሲባል ደሙ አልረጋ ያለውንም ሆነ በእግር ሥር የረጋውን ሊያመለክት ይችላል። የመጀመሪያው ሰው አስፕሪን ሊሰጠው አይገባም፤ ለሁለተኛው ደም ማቅጠኛ ይታዘዛል። በድንገተኛ ክፍል እነዚህን ሁለት ሰዎች ማደናገር ሕይወት ያስከፍላል። የተሻለው «ደሜ አይቆምም» ወይም «ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ» ብሎ በግልጽ መናገርና የመድኃኒቱን ስም ማሳየት ነው።

ላቦራቶሪውም ይህን ማወቅ ይፈልጋል። ሄፓሪን፣ ዋርፋሪንና አዳዲሶቹ የሚዋጡ ደም ማቅጠኛዎች ውጤቱን ስለሚያዛቡ ከእውነተኛ አጋጅ ጋር ሊምታቱ ይችላሉ። ስሙ የሚያሳስተው ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ደግሞ ሌላ ነው፤ በቱቦ ውስጥ የመርጋቱን ጊዜ ያስረዝማል፣ በሰውየው አካል ውስጥ ግን ደም እንዲረጋ ያደርጋል። እርሱን ለመለየት ከራስል እፉኝት መርዝ የተዘጋጀ ሙከራ ይሠራል፣ አዎንታዊ ከሆነም ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ይደገማል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላሸው ግን ናሙናው ራሱ ነው። በሰማያዊው ቱቦ ውስጥ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ የሲትሬት ፈሳሽ መሆን አለበት፤ ቱቦው ሳይሞላ ከቀረ የመርጋቱ ጊዜ በሐሰት ይረዝማል። የኤፒቲቲ ናሙና በአጠቃላይ በ4 ሰዓት ውስጥ ይመረመራል፣ አለበለዚያ ፕላዝማው ተለይቶ በበረዶ ይቀመጣል። የአጋጅ ልኬት በሁሉም ላቦራቶሪ ስለማይሠራ ናሙና ከከተማ ወደ ከተማ መላኩ የተለመደ ነው። በሐምሌ ሙቀት፣ በሻርጃና በዱባይ መካከል ባለው የመኪና መጨናነቅ ውስጥ ያልቀዘቀዘ ቱቦ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ያልተጠበቀ ውጤት በአዲስ ናሙና እንዲደገም መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

በኢትዮጵያ የሄሞፊሊያ ሕክምና ያለበት ዋነኛው ስፍራ በአዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ፋክተሩም በአብዛኛው የሚገኘው በ1963 በተመሠረተው የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ልግስና ነው። ልጁን ይዞ ለእረፍት ወደ ሀገር ቤት የሚጓዝ ወላጅ የመጨረሻውን የአጋጅ ውጤት በዩኒት ተጽፎ፣ የተሠራበት ዘዴና ቀኑም ተመልክቶ ይዞ ቢሄድ እዚያ ያለው ሐኪም ከዜሮ አይጀምርም።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጤና መድን በአጅማንና በሻርጃ ለግል ዘርፍና ለቤት ውስጥ ሠራተኞች ግዴታ ሆኗል፤ በዱባይ ቀድሞም ነበር። ሁሉም መድን ልዩ የደም ምርመራን እኩል ስለማይሸፍን ናሙናው ከመሰጠቱ በፊት በመድኑ ፈቃድ ማግኘት ይገባል። ደም እየፈሰሰ ላለ ሰው ግን ፈቃድ አይጠበቅም፤ አምቡላንስ የሚጠራው በ998 ነው።