የአባትና የልጅ ቤት
(ስለ ሳን ሚጌል ዴ አየንዴ የሥዕል ትምህርት ቤት)

የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሕንፃው ነው። መቼ እንደ ተሠራ፥ ማን መርቆ እንደ ከፈተው፥ ስንት ክፍል እንዳለው ይዘረዘራል። በሜክሲኮ አገር በሳን ሚጌል ዴ አየንዴ ከተማ የተቋቋመው የሥዕል ትምህርት ቤት ታሪክ ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ያስተምራልና ለአንባቢ በአጭሩ ላቀርበው ወደድሁ። የዘመኑ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከተማይቱን በ1542 ዓ.ም. የቈረቈራት ፍራይ ሁዋን ዴ ሳን ሚጌል የተባለ የፍራንሲስካን መነኵሴ ነው። ከሳካቴካስ ማዕድን ወደ ሜክሲኮ ከተማ ብር የሚጓዝበት መንገድ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ነዋሪዎቿ በለጸጉ። ከባለጸጎቹ አንዱ የሆነው ማኑኤል ቶማስ ዴ ላ ካናል በ18ኛው ምዕተ ዓመት ከከተማይቱ ዳር ታላቅ ቤት ሠራ። ልጁ ሆሴፋ ሊና ግን ዓለምን ንቃ መነኰሰች፤ የወረሰችውንም ሀብት ለደናግል ገዳም ማሠሪያ ሰጠች። ኢግናሲዮ አየንዴ የተወለደው በዚችው ከተማ በ1769 ነው። እርሱም በ1810 በስፔን አገዛዝ ላይ የተነሡትን አርበኞች ከመሩት አንዱ ሆኖ በ1811 በጥይት ተደብድቦ ሞተ። ከተማይቱም በ1826 በስሙ ተጠራች።

ከዚያ በኋላ ከተማይቱ ደኸየች፤ ገዳሙም የፈረሰኛ ጦር መኖሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በ1938 ከአገሩ የተሰደደው የፔሩ ሠዓሊ ፌሊፔ ኮሲዮ ዴል ፖማር ከፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ፈቃድ አግኝቶ በዚሁ ገዳም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈተ። አሜሪካዊው ስተርሊንግ ዲኪንሰንም የሥራው ባልደረባ ሆነ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአሜሪካ መንግሥት በ1944 ባወጣው ሕግ መሠረት ለተመላሽ ወታደሮች የትምህርት ወጪ ይከፍል ስለ ነበር፥ ጠመንጃቸውን ያስቀመጡ ብዙ ጐልማሶች ቡርሽ ለመጨበጥ ወደዚያ ጐረፉ። ሰፈረ ጭፍራ የነበረውን ገዳም ጭፍሮች ተመልሰው ሞሉት፤ የአሁኖቹ ግን ተማሪዎች ነበሩ።

ታላቁ የግድግዳ ሠዓሊ ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስም መጥቶ ከተማሪዎቹ ጋር የአየንዴን ሕይወት በገዳሙ አዳራሽ ላይ መሣል ጀመረ። ነገር ግን በ1949 በመምህሩና በትምህርት ቤቱ ባለቤት መካከል ጠብ ተነሣ። መምህሩ ሥራውን ጥሎ ሲሄድ መምህራኑና ተማሪዎቹ አብረውት ወጡ። ግድግዳውም ጣራውም እንዳለ ቀረ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ተዘጋ።

በ1950 ኮሲዮ ዴል ፖማርና ዲኪንሰን፥ የጓናኋቶ አገረ ገዥ ከነበሩት ከኤንሪኬ ፈርናንዴስ ማርቲኔስ ጋር ሆነው ኢንስቲቱቶ አየንዴ የተባለውን አዲስ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ያቋቋሙትም በአሮጌው በዴ ላ ካናል ቤት ነው። ከልጅቱ ገዳም የወጣው ትምህርት በአባቷ ቤት ተጠለለ ማለት ነው። ገዳሙም ራሱ በ1962 የመንግሥት የሥነ ጥበብ ማዕከል ሆኖ ዳግመኛ ተከፈተ፤ ከተማይቱም በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች።

የሲኬይሮስ ሥዕል ዛሬም ሳይፈጸም በአዳራሹ ይታያል። የጀግናው መልክ አልተሣለም፤ የሚታየው መሥመርና ቀለም ብቻ ነው። እኔ ግን ይህን ጅምር እንደ ጕድለት ብቻ አላየውም። ሕንፃ ያለው ሁሉ ትምህርት ቤት አለኝ እንዳይል የሚመሰክር ጽሑፍ ነው። መምህርና ተማሪ ተስማምተው የተቀመጡበት ጐጆ ትምህርት ቤት ይሆናል፤ እነርሱ የወጡበት አዳራሽ ግን ምንም ቢያምር ግድግዳ ነው።